የሞያሌ ዙሪያ መርዞች፦ ከአዳኝ ኮሮጆ ወደ ሱቅ መደርደሪያ

በኢትዮጵያና በኬንያ ድንበር ላይ ባለችው በሞያሌ ዙሪያ ባለው ደረቅ ምድር ለብዙ ዘመን የታወቀው መርዝ የቀስት መርዝ ነበር። የሚገኘውም በአማርኛ መረንዝ፣ በኦሮምኛ ቀራሩ ከሚባለው ዛፍ ነው። ዛፉ በድንጋያማ ተረተርና በደረቅ ደን ዳር ይበቅላል፤ ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ ለምለም ነው፣ ነጭ አበባው ደግሞ ከሩቅ ያውዳል። ፍሬው ጠቁሮ ሲበስል ሰው ለቅሞ ይበላዋል፤ ግንዱና ሥሩ ግን ልብን ቀጥ የሚያደርግ መርዝ የያዙ ናቸው።

ሙያው የዋታዎች ነበር። ዋታዎች ከከብት አርቢው ቦረና ጋር በአንድ ቋንቋ የሚነጋገሩ፣ ነገር ግን ከከብት ይልቅ በአደንና በማር ቆረጣ ሲተዳደሩ የኖሩ ሕዝብ ናቸው። ከእንጨቱ የወጣው ጥቁር ዝቃጭ በፍላጻው አንገት ላይ ይቀባ ነበር፤ ፀሐይ እንዳያደክመው፣ የያዘውንም ሰው እንዳይጭር በስስ ቆዳ ይጠቀለል ነበር፤ ጥቅልሉ የሚፈታው አውሬው ሲቀርብ ብቻ ነበር። መርዙ ከሆድ ወደ ደም እምብዛም ስለማይሰርግ፣ በቁስሉ ዙሪያ ያለው ሥጋ ተቆርጦ ከተጣለ በኋላ የቀረውን ይበሉት ነበር። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ፦ መርዙ ባለቤት ነበረው። ማን እንደሚሠራው፣ ማን እንደሚይዘውና ለምን እንደሚውል አገሩ ሁሉ ያውቅ ነበር።

የዛፉን ጉልበት የሚጠቀምበት ሰው ብቻ አይደለም። በምሥራቅ አፍሪካ የሚኖር ጎፈሬ አይጥ ቅርፊቱን አኝኮ ምራቁን በጎኑ ጠጉር ላይ እንደሚቀባ ተመራማሪዎች በ2011 እ.ኤ.አ. አስታውቀዋል፤ የነከሰው ውሻ ሊሞት ይችላል። ከዚያ ከ100 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ በ1888፣ አርኖ የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ከምሥራቅ አፍሪካ በተወሰደ የዚሁ ወገን ዛፍ እንጨት ውስጥ ዋናውን መርዝ ነጥሎ አውጥቷል። ዋባይን የሚባለው ይህ ንጥረ ነገር በአውሮፓ በጥቂቱ እየተመጠነ ለደከመ ልብ መድኃኒት ሆነ። ዴንማርካዊው የንስ ስኩ ሶዲየምንና ፖታሲየምን በሴል ሽፋን በኩል የሚያመላልሰውን ኢንዛይም ሲመረምርም ዋባይንን ተጠቅሟል፤ ለግኝቱ በ1997 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። የአዳኞች ዕውቀት እስከዚህ ድረስ ተጉዟል፤ ለዋታዎች የደረሳቸው ምስጋና ግን የለም።

ፍላጻውን ከሥራ ያወጡት ጠመንጃና ሕግ ናቸው። በ1890ዎቹ መጨረሻ የምኒልክ ጦር ቦረናን ሲይዝ የእሳት መሣሪያ በአካባቢው በዛ፤ የዝሆን ጥርስ ንግድም ወደ ባለ ጠመንጃ እጅ ዞረ። በታኅሣሥ 1907 በአዲስ አበባ የተፈረመው ውል ድንበሩን ሲወስን ሞያሌ በሁለት አገር መካከል ተከፈለች። በደቡቡ፣ በኬንያው ወገን የቅኝ ግዛቱ አስተዳደር አደንን በፈቃድ ወሰነ፤ ነጻይቱ ኬንያ ደግሞ በ1977 ጨርሳ ከለከለች።

በቅኝ ግዛቱ ዘመን ሌላ ዓይነት መርዝ እየገባ ነበር። መጀመሪያ የመጣው አርሴኒክ ነው፤ በፉሽካ ተለውሶ ለአንበጣ ይበተን፣ በውኃ ተበጥብጦ ከብት ከመዥገር ለማንጻት ይነከርበት ነበር። በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ጀርመናዊው ገርሃርት ሽራደር ያገኛቸው ኦርጋኖፎስፌት የተባሉ ፀረ-ተባዮች ቀጥለው መጡ፤ ማላታዮን በ1950 ለገበያ ቀረበ። በ2019 መጨረሻ የበረሃ አንበጣ ሰሜን ኬንያን ሲወር፣ ከተረጩት መካከል ማላታዮን፣ ፌኒትሮታዮንና ክሎርፓይሪፎስ ነበሩበት፤ ሦስቱም የዚህ ወገን ናቸው። ዛሬ መሰሎቻቸውን ከከብት መድኃኒት መሸጫ መግዛት ሙያም ፈቃድም አይጠይቅም። የአይጥ መርዝና በረኪና ደግሞ በየኪዮስኩ አሉ። ላምባ በለስላሳ ጠርሙስ ስለሚቀመጥ ውኃ የመሰለው ሕፃን ይጠጣዋል።

ሆስፒታል የሚደርሰው የመርዝ በሽተኛ መልክ የተለወጠው በዚህ ምክንያት ነው። በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳም ሆነ በጎንደር ሆስፒታል የተደረጉ ጥናቶች፣ ቀዳሚው መርዝ ቢለያይም፣ ተመሳሳይ ነገር ያሳያሉ፦ በአዲስ አበባ በረኪና፣ በጎንደር ፀረ-ተባይ ቀዳሚ ናቸው፤ ከታካሚዎቹ የሚበዙት ወጣቶች ናቸው፤ አብዛኞቹም በራሳቸው ላይ ሆን ብለው ያደረጉት ነው። ብዙዎቹ በጭንቅ ሰዓት እጃቸው ላይ የተገኘውን ያነሡ ስለሆኑ፣ የሚተርፉት የሚደግፋቸውን ሰውና የሚያገግሙበትን ጊዜ ማግኘት አለባቸው፤ ወቀሳ አይረዳቸውም።

የሕክምናው ሸክም ከባድ ነው። ኦርጋኖፎስፌት የነርቭን መልእክት የሚያቆመውን ኢንዛይም ስለሚያስር ላብና ምራቅ ይጎርፋል፣ የዓይን ብሌን ይጠብባል፣ ሳንባ በፈሳሽ ይሞላል። ሐኪሙ ሳንባው እስኪደርቅ አትሮፒን ደጋግሞ ይሰጣል፤ ለአንድ ሰው የሚውለው መጠን ለትንሽ ሆስፒታል የወራት ክምችት ሊሆን ይችላል። መተንፈሻ ጡንቻው ከደከመ ደግሞ መሣሪያና ቀን ከሌት የሚጠብቅ ነርስ ያስፈልጋል። ከኬንያዋ ሞያሌ እስከ ማርሳቢት ወደ 250 ኪሎ ሜትር፣ እስከ ናይሮቢ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከኢሲዮሎ የሚመጣው መንገድ አስፋልት እስኪለብስ፣ ማለትም እስከ 2010ዎቹ አጋማሽ፣ ጉዞው ቀናት ይወስድ ነበር።

ሸክሙን ከምንጩ መቀነስ ግን ይቻላል፦ ስሪ ላንካ አደገኞቹን ፀረ-ተባዮች ከ1995 ጀምሮ ከገበያ ስታወጣ፣ ራስን በማጥፋት የሚሞተው ሰው በ10 ዓመት ውስጥ ወደ ግማሽ ወርዷል። ሞያሌ ላይ ግን ሁለት ሕግ አንድ ገበያ ይገዛል። ኬንያ የፀረ-ተባይ ሕጓን በ1982፣ ኢትዮጵያ በ1990 በልዩ ድንጋጌ ኋላም በ2010 በአዋጅ ቁጥር 674 አውጥተዋል። አንዱ አገር የከለከለው ጠርሙስ በሌላው ከተፈቀደ፣ ድንበሩን ለመሻገር የጥቂት ደቂቃ የእግር መንገድ ይበቃዋል፤ ስለዚህ ክልከላው የሚሠራው ናይሮቢና አዲስ አበባ አንድ ዝርዝር ይዘው በአንድ ጊዜ ሲያስፈጽሙት ነው።