ብዕር፣ ድንጋይና ታብሌት፦ የሮዶልፍ ቶፕፈር ሙከራ



የዛሬውን ንግግሬን በራሴ ስሕተት እጀምራለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ተማሪዬ የታሪክ ጥናቷን በታብሌት በሣለችው ኮሚክ አቀረበችልኝ። መስመሯ ቀጭንና ጥላ አልባ ነበር። ብዕሩ አዲስ እንደሆነባትና እርሱ በሚፈቅድላት መንገድ እንደሣለች ነገረችኝ። እኔ ግን «መሣሪያ ስትሞክሪ ሥዕሉን ሳትጨርሺው ቀረሽ» ብዬ ዝቅተኛ ውጤት ሰጠኋት። በኋላ የዚህን ጥበብ አመጣጥ ስመረምር ፍርዴ ችኩል እንደነበር ተረዳሁ።

በዘመናዊ የሥዕል ትረካ ታሪክ ከፈር ቀዳጆቹ ዋነኛው እ.ኤ.አ. በ1799 ጄኔቫ ውስጥ የተወለደው ሮዶልፍ ቶፕፈር ነው። እንደ አባቱ ሠዓሊ መሆን ተመኝቶ ነበር፤ የዓይን ሕመም ግን ከለከለው። ስለዚህም መምህር ሆነ፤ አዳሪ ትምህርት ቤትም አቋቋመ። በ1827 የሙስዬ ቪዩ ቧን ታሪክ በሥዕል የጀመረው ለራሱና ለቅርብ ወዳጆቹ መዝናኛ ነበር። ገጣሚው ጎተ በሕይወቱ መጨረሻ ሥራዎቹን አይቶ ማድነቁ ወደ ኅትመት እንዲያመራ አበረታታው።

ይሁን እንጂ በምን መሣሪያ ያትማቸው? ጀርመናዊው አሎይስ ዜኔፌልደር በ18ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ የፈለሰፈው የድንጋይ ኅትመት፣ ማለትም ሊቶግራፊ፣ ሠዓሊው በድንጋዩ ላይ ሁሉንም ነገር በግልባጭ እንዲሥል ያስገድደው ነበር፤ ጽሑፍ ሲጨመርበትማ እያንዳንዱ ፊደል ተገልብጦ መጻፍ አለበት። ቶፕፈር የመረጠው ኦቶግራፊ የተባለው ዘዴ ይህን አስቀረለት። በተለየ ሁኔታ በተዘጋጀ ወረቀት ላይ ቅባትነት ባለው ቀለም በብዕር ይሥላል። ወረቀቱ በድንጋዩ ላይ ሲጫን ሥዕሉ ይገለበጣል፤ ከድንጋዩ ላይ ሲታተም ደግሞ ይቃናል።

ከዚህ ምርጫ ሁለት ነገሮች ተከተሉ። አንደኛ፣ ሥዕሉ፣ ክፈፉና ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ከአንድ እጅና ከአንድ ብዕር ወጡ። ሁለተኛ፣ ዘዴው ለረቂቅ ጥላ ሳይሆን ለፈጣን መስመር የሚመች ነበር፤ ይህም ለደከመ ዓይን ተስማማ። ቶፕፈር በ1845 ባሳተመው የፊት ገጽታን በሚመለከት ድርሰቱ፣ የጎደለውን መስመር አንባቢው ራሱ እንደሚሞላው፣ በድፍረት የተጫረ ፊትም ምንጊዜም አንድ ስሜት እንደሚገልጽ አስረድቷል። እኔ እንደ ጉድለት የቆጠርኩትን እርሱ የጥበቡ ሕግ አድርጎታል።

መሣሪያ ሲለወጥ ምንም አይጠፋም ማለቴ ግን አይደለም። በዚያው በ1845 ሌላው ሥራው፣ የሙስዬ ክሪፕቶጋም ታሪክ፣ «ኢሉስትራስዮን» በተባለው የፓሪስ መጽሔት ሲወጣ፣ ለእንጨት ቅርጽ ኅትመት እንዲሆን ሥዕሉን እንደገና የሣለው ሻም የተባለ ሠዓሊ ነበር። ታሪኩ የቶፕፈር ነው፤ መስመሩ ግን የእርሱ አይደለም።

ይህን እኔ ከማንም በፊት ልገነዘብ ይገባኝ ነበር። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ ለክበባችን መጽሔት በስቴንስል ላይ በብረት ብዕር እሥል ነበር። ክብ ስሥል እጄን ካጠበቅሁ መሐሉ ተቦጭቆ ይወድቅና በታተመው ገጽ ላይ ጥቁር ነጥብ ይሆናል። ዓይንን በሁለት አጫጭር ሰረዞች መሥራት የተማርኩት ከዚያ ነው። ያስተማረኝ የስቴንስሉ ደካማነት ነበር።

ተማሪዬ ውጤቷ ሳይታረም ተመርቃለች፤ ስሕተቴን ግን ነግሬያታለሁ። እናንተም በአዲስ መሣሪያ የተሠራ ሥራ ሲቀርብላችሁ፣ መሣሪያው እጅን ከምን እንዳሳረፈና ምን እንዳስገደደው አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከዚያም ሠሪው ከግዴታው ትርጉም ማውጣት አለማውጣቱን መርምሩ። ውጤት መስጠት የሚገባን ከዚህ በኋላ ነው።