ሰርቨሮች በመልሳቸው ስለ መታወቃቸው

ከጀማ ሸለቆ በላይ በምትገኘው በለሚ፣ ሲመሽ ከአጥር ውጭ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ የተጣራ እንግዳ ከውስጥ የሚመልስለት ማን እንደሆነ በሩ ሳይከፈት ያውቃል። ባለቤቱ ስሙን ባይናገር እንኳ ድምፁና አነጋገሩ ይነግሩበታል። የድረ ገጽ ሰርቨርም ጠባዩ ከዚህ አይርቅም።

በግንቦት 1988 ዓ.ም. የወጣው የኤች ቲ ቲ ፒ ሰነድ፣ ሰርቨር የሶፍትዌሩን ስምና የእትሙን ቁጥር ለጠያቂው የሚገልጽበትን መስመር ወስኗል። ኔትክራፍት የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት ከነሐሴ 1987 ዓ.ም. አንሥቶ የዓለምን ሰርቨሮች በየዓይነታቸው ሲቆጥር የኖረው በዚሁ መስመር እየተረዳ ነው። ሆኖም ያው ሰነድ ቁጥሩን መግለጽ፣ ቀዳዳው በታወቀ ሶፍትዌር ላይ ጥቃት ሊጋብዝ እንደሚችል አስጠንቅቋል። አገራችን የኢንተርኔት አገልግሎት የጀመረችው በጥር 1989 ዓ.ም. ስለሆነ ማስጠንቀቂያው ቀድሞን ነበር ማለት ነው።

ይህ ጸሐፊ በአንድ መሥሪያ ቤት ያረጀ ሰርቨር አይቶ እንዲታደስ ቢያሳስብ፣ የተደረገው ነገር የእትሙን ቁጥር መደበቅ ብቻ ሆነ። ይህ ግን ጥቅሙ ትንሽ ነው። የስሕተት ገጹ አጻጻፍ፣ የመልሱ መስመሮች ቅደም ተከተል፣ ለተበላሸ ጥያቄ የሚሰጠው ምላሽ፣ ሁሉም ያጋልጡታል። ከዚህም በላይ በሐምሌ 1993 ዓ.ም. ኮድ ሬድ የተባለው ትል በማይክሮሶፍት ሰርቨሮች ላይ ሲዛመት «ማነህ?» ብሎ አልጠየቀም፤ አፓች የያዙትንም ሳይቀር በየደጁ እየዞረ መታቸው እንጂ።

ዘዴው አገራችንን በቅርብ የነካው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ፊንፊሸር የተባለው የስለላ ሶፍትዌር በባሕሬን ተቃዋሚዎች ላይ መገኘቱ በሐምሌ 2004 ዓ.ም. ከታወቀ በኋላ፣ ክላውዲዮ ጓርኒዬሪ የተባለው ተመራማሪ የማዘዣ ሰርቨሩን ቢጠይቀው «ሃሎ ሽቴፊ» የሚል እንግዳ መልስ አገኘ። እንዲህ ያለውን ሰላምታ አፓችም ሆነ ሌላው የታወቀ ሰርቨር አይሰጥም። በነሐሴ ወር ያንኑ መልስ የሚሰጡ ሰርቨሮች በመላው ዓለም ሲፈለጉ ከተገኙባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ሆነች።

ባለቤቶቹ ነገሩ ይፋ ሲሆን ሰላምታውን ለወጡ። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ ግን ሌሎች ምልክቶችን ይዞ በመጋቢት 2005 ዓ.ም. በ25 አገሮች እንደተገኙ አስታወቀ። የኢትዮጵያው በኢትዮ ቴሌኮም መረብ ውስጥ ነበር፤ ለማጥመጃነት ያገለገሉትም የግንቦት 7 አባሎች ፎቶግራፎች ነበሩ። ሪፖርቱ ሰርቨር በአንድ አገር መገኘቱ ብቻውን የዚያ አገር መንግሥት እንደሚያዝበት አያረጋግጥም ማለቱን መሐንዲስ ሁሉ ልብ ሊለው ይገባል፤ መልስ የሚናገረው ስለ ሶፍትዌሩ ነው፣ ከበስተኋላው ስለ ተቀመጠው ሰው አይደለም።

ሰውየውን በተመለከተ ብዙ የተናገረው ሌላ ጉድለት ነው። በኅዳር 2010 ዓ.ም. በወጣው የሲቲዝን ላብ ሪፖርት እንደተገለጸው፣ የሳይበርቢት ኩባንያ ሶፍትዌር በውጭ አገር በሚኖሩ የኦሮሞ ተቃዋሚዎችና በሌሎችም ላይ ሲሠራ፣ የማዘዣው ሰርቨር የሥራ መዝገቡን ማንም ሊያነበው በሚችል ቦታ ትቶት ነበር። ተመራማሪዎቹም ከአንድ ዓመት በላይ ቁጭ ብለው አነበቡት።