በጎፈሬ የተጀመረው የፍራንክሊን ታሪክ

በሲያትል በ7 ቁጥር አውቶቡስ በሬኒየር ጎዳና የሚመላለስ ወገን ሁሉ ማውንት ቤከር ሲደርስ ከፍ ብሎ የቆመውን ግርማ ያለው አሮጌ ሕንፃ ሳያይ አያልፍም። ፍራንክሊን ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት ይባላል። የብዙ ስደተኛ ቤተሰብ ልጅ፣ የሐበሻም ልጅ ጭምር፣ የተማረበት ነው። ሆኖም ልጁን እዚያ ከሚልክ ወላጅ መካከል ታሪኩን የሚያውቀው ጥቂቱ ነው።

ት/ቤቱ የተከፈተው በ1912 እ.ኤ.አ. ሲሆን ንድፉን ያወጣው ኤድጋር ብሌር ነው። ስሙ ከቤንጃሚን ፍራንክሊን የተወሰደ በመሆኑ የስፖርት ቡድኖቹም ከፊላደልፊያ ጋር በተያያዘ ስም ኩዌከርስ ይባላሉ። ጦርነትን በሚጠላ የሃይማኖት ማኅበር ስም የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን መሰየሙ ትንሽ ፈገግ ያሰኛል።

ት/ቤቱን ታሪክ ውስጥ ያስገባው ግን የፀጉር ጉዳይ ነው። በ1968 ሁለት ጥቁር ሴት ተማሪዎች ፀጉራቸውን ሳይተኩሱ በጎፈሬ ስለ መጡ ወደ ቤታቸው እንዲመለሱ ተደረገ። በዚህና በሌሎች ቅጣቶች የተቆጡ ተማሪዎች ማርች 29 ቀን፣ ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የጥቁር ተማሪዎች ማኅበር ከመጡ ወጣቶች ጋር ሆነው የርዕሰ መምህሩን ቢሮ ያዙ። ለሰዓታት ቁጭ ብለው የጥቁር ሕዝብ ታሪክ ትምህርትና ጥቁር የትምህርት ሠራተኞች ይሰጡን ሲሉ ጠየቁ።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። ኤፕሪል 4 ቀን ላሪ ጎሴት፣ አሮን ዲክሰንና ካርል ሚለር በዚሁ ምክንያት ታሰሩ። በዚያው ዕለት ማርቲን ሉተር ኪንግ ሜምፊስ ውስጥ በጥይት ተገደሉ።

የሚገርመው በዚያው ሰሞን፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መጋቢት 1960 ዓ.ም.፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በግቢያቸው የተዘጋጀውን የፋሽን ትርኢት የባዕድ ባህል መጫኛ ነው ብለው መቃወማቸው ነው። የሲያትልና የአዲስ አበባ ወጣቶች አይተዋወቁም። ሁለቱም ግን መልካችንንና አለባበሳችንን ሌላ ሰው አይወስንልንም ማለታቸው ነበር።

ጎሴት ራሱ ቀደም ብሎ ከፍራንክሊን የወጣ ነው። ያ የታሰረው ወጣት ከ1994 እስከ 2019 ድረስ የኪንግ ካውንቲ ምክር ቤት አባል ሆኖ አገልግሏል። ካውንቲው ስሙን ለማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ ያደረገው በ1986 ነበር። ሁከት በነበረበት በዚያው በ1968 ደግሞ ጌሪ ሎክ የተባለ የቻይና ስደተኛ ልጅ ከፍራንክሊን ተመረቀ። እሱም ከ1997 እስከ 2005 የዋሽንግተን ግዛት ገዢ ሆነ። በዚህ አገር ታሪክ የመጀመሪያው ቻይናዊ አሜሪካዊ ገዢ መሆኑ ነው።

ሕንፃው ራሱ ለጥቂት ነው የተረፈው። በ1980ዎቹ የትምህርት ባለሥልጣናቱ አፍርሰው አዲስ ሊሠሩ አስበው ነበር። የቀድሞ ተማሪዎችና የሰፈሩ ነዋሪዎች አይሆንም ብለው ተከራከሩ፤ በከተማው ቅርስነት ተመዘገበና ታድሶ በ1990 እንደገና ተከፈተ።

የጎፈሬው ነገር መቋጫ ያገኘው ግን ብዙ ቆይቶ ነው። ሰውን በተፈጥሮ ፀጉሩ ወይም በሹሩባው ምክንያት ማግለልን የዋሽንግተን ግዛት በሕግ የከለከለው በ2020 ነው። ሁለቱ ልጃገረዶች ወደ ቤት ከተመለሱ 52 ዓመት ሆኖ ነበር።