ውኃን እየተከተሉ መሄድ፦ የዲንደር ማያዎችና የቆላው ታሪክ

በመማሪያ መጻሕፍታችን የምዕራቡ ቆላ ስም የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ጦርነት ወይም ንጉሥ ሲነሣ ነው። መተማ የምትታወቀው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1889 በወደቁበት ውጊያ ነው፤ ቋራም የምትታወሰው ዐፄ ቴዎድሮስ የተወለዱባት አገር በመሆኗ ነው። የቀረውን ሁሉ «በረሃ» የሚለው ቃል ይሸፍነዋል። በመምህራን ማሠልጠኛ ውስጥም ዕጩ መምህራን «ቆላውን ምን ብለን እናስተምረው? የተጻፈ ታሪክ የለውም» ሲሉ መስማት የተለመደ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ አስተሳሰብ ስሕተት መሆኑን ማሳየት ነው። ለማስረጃ የምንወስደውም በእግር የሚዞሩትን አንድ የደንና የረግረግ ዳርቻ ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከገዳሪፍ ከተማ በስተደቡብ፣ ሱዳንና ኢትዮጵያ በሚዋሰኑበት ሜዳ፣ 10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የዲንደር ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል። የአካባቢው ሕይወት የተመሠረተው በዲንደርና በራሃድ ወንዞች ላይ ነው። ሁለቱም ከጣና ሐይቅ በስተምዕራብ ካለው ደጋ ተነሥተው ወሰኑን ይሻገራሉ፤ ራሃድን በእኛ በኩል ሽንፋ እንለዋለን። በክረምት ሞልተው ይፈስሳሉ፤ በበጋ ግን ይደርቁና በአልጋቸው ላይ ኩሬ ኩሬ ብቻ ይቀራል።

ወንዝ በሜዳ ላይ ሲጓዝ ይጠማዘዛል። ጎርፉ ሲበረታ ጥምዙን ቆርጦ አጭሩን መንገድ ይይዛል፤ የተተወው ጥምዝም ጫፎቹ በደለል ይዘጉና የቀለበት ቁራጭ የመሰለ ረግረግ ሆኖ ይቀራል። የአገሩ ሰዎች ይህን «ማያ» ይሉታል። በዲንደር ከ40 በላይ ማያዎች አሉ። ስለዚህ የማያን ዳር ይዞ የሚዞር ሰው የሚረግጠው የድሮውን ወንዝ ዳርቻ ነው ማለት ነው።

ዙሩ ከወንዙ አፋፍ፣ ከዶም ዘንባባው ጥላ ሥር ይጀምራል እንበል። ጥቂት እንደ ሄዱ መሬቱ መረሬ ይሆናል፤ በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር ያሰናክላል፤ በክረምት ጭቃው ሰውም መኪናም አያሳልፍም። በዚህ መሬት ላይ ዋጩና በደኖ ይበዛሉ። ወደ ማያው ሲቀርቡ ደግሞ ዛፉ በአንድ ጊዜ ያልቅና ሣር ብቻ ይሆናል። ምክንያቱም ውኃ ለብዙ ወራት የሚተኛበት መሬት ለአብዛኛው ዛፍ አይስማማም። በመጋቢትና በሚያዝያ ሌላው አገር ሁሉ ሲደርቅ፣ ድፋርሳው፣ ጎሹ፣ ከርከሮውና ዝንጀሮው ወደዚህ ሣርና ውኃ ይሰበሰባሉ። ሻላውም በዚያ ዓሣ ይለቅማል። በዳሩ ጭቃ ላይ የታተመውን ዱካ የሚያውቅ ሰው ማን እንደ መጣና ወዴት እንደ ሄደ ያነብበዋል።

ይህ ውኃን ተከትሎ የመሄድ ልማድ የእንስሳት ብቻ አይደለም። በመተማ አካባቢ በሽንፋ ወንዝ ዳር የተደረገ ቁፋሮ ውጤት በ2024 ታትሞ ነበር። ሽንፋ-መተማ 1 በተባለው በዚህ ቦታ ሰዎች ከ74,000 ዓመታት ገደማ በፊት ኖረዋል። በአፈሩ ውስጥ በኢንዶኔዥያ ከፈነዳው ከቶባ እሳተ ገሞራ የመጣ፣ በዓይን የማይታይ የመስተዋት ብናኝ ተገኝቷል። የሰጎን እንቁላል ቅርፊት ሲመረመር ዘመኑ ደረቅ እንደ ነበረ አመልክቷል። ከፍንዳታው በኋላም ሰዎቹ ከበፊቱ የበለጠ ዓሣ መመገብ ጀመሩ። ተመራማሪዎቹ እንደሚሉት ወንዙ ሲደርቅ ዓሣው በኩሬ ውስጥ ስለሚታጎር ለመያዝ ይቀላል፤ አንዱ ኩሬ ሲያልቅ ሰዎቹ ወደሚቀጥለው ይሄዱ ነበር። የሰው ልጅ ከአፍሪካ የወጣውም እንዲህ ያሉትን የክረምት ወንዞች ይዞ ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። «ታሪክ የለውም» የተባለው ቆላ የዓለም ታሪክ አንዱ ምዕራፍ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

በቅርቡ ዘመን ግን በዚህ ውኃ ላይ ልዩ ልዩ መስመሮች ተሰምረውበታል። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በ1861 እና በ1862 ከባለቤቱ ጋር አትባራን፣ ሰቲትን፣ ራሃድንና ዲንደርን እየተከተለ ሲያድን ይህ ነው የሚባል የተካለለ ወሰን አልነበረም። በ1902 ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የተፈራረሙት ውል ወሰኑን ወሰነ፤ የወንዞቹ ምንጭ በአንድ ወገን፣ ማያዎቹ በሌላ ወገን ቀሩ። በ1933 በለንደን የአፍሪካን አራዊትና ዕፀዋት ስለ መጠበቅ ስምምነት ተደረገ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1935፣ ዲንደር ፓርክ ሆነ።

ፓርኩ ጥቅም ሰጥቷል፤ ጉድለት ግን ነበረበት። አራዊቱ በማያዎቹ ዳር የሚቆዩት በበጋ ነው። ክረምት ሲገባ ጭቃውን ሸሽተው ከፓርኩ ይወጣሉ። ያ የክረምት መሰማሪያ ግን በጥበቃው ውስጥ አልተካተተም። በ1940ዎቹ አጋማሽ በገዳሪፍ የተጀመረው የትራክተር እርሻ በ1968 መንግሥታዊ ድርጅት ከተቋቋመለት ወዲህ በፍጥነት ተስፋፋ፤ መሰማሪያውም ማሽላና ሰሊጥ ተዘራበት። ቀጭኔ ከዲንደር ጠፍቷል። ዲንደር በ1979 የባዮስፌር ክልል፣ በ2005 ደግሞ በራምሳር ስምምነት ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ ያለው ረግረግ ተብሎ ተመዝግቧል። በእኛ በኩል በቋራ የአላጥሽ ፓርክ በ2006 ተቋቁሞ ከዲንደር ጋር ተያያዘ። በ2016 በአላጥሽ አንበሶች መኖራቸው በፎቶግራፍ ሲረጋገጥ፣ ሁለቱ ፓርኮች አንድ አገር መሆናቸው ይበልጥ ግልጥ ሆነ።

መስመር የተሰመረበት ሰውም ነው። በዚያው በገዳሪፍ ግዛት፣ ከዲንደር ወደ ሰሜን፣ ተከዜ «ሰቲት» ተብሎ ከአትባራ ጋር ይገናኛል። በሁለቱ ወንዞች ላይ የተሠራው ግድብ በ2017 ተመረቀ። ውኃው ሲተኛ ከቦታቸው ለተነሡት ሰዎች መንደሮች ተሠርተው በቁጥር ተጠሩ፤ አንዷ መንደር 8 ነች። ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ ደግሞ ከትግራይ ጦርነት የሸሹ ኢትዮጵያውያን በዚያ ዐረፉ፤ ከዚያም ወደ ኡም ራኩባና ወደ ቱናይድባ ተወሰዱ። ኡም ራኩባ በ1980ዎቹም የኢትዮጵያ ስደተኞች መጠለያ ነበረች። ውኃ ያፈናቀላቸው ሰዎች መንደር ጦርነት ላፈናቀላቸው ማረፊያ ሆነች። ስሟ ቁጥር ብቻ ስለሆነች ታሪክ የላትም የሚል መምህር ካለ፣ ከላይ ያልነውን ስሕተት ደገመው ማለት ነው።

በ2023 በሱዳን የተነሣው ጦርነት በ2024 እስከ ዲንደር ከተማ ደርሷል። ስለዚህ ተማሪ ይዞ ማያ ለመዞር ጊዜው አይደለም። ትምህርቱ ግን መቆም የለበትም። በየትምህርት ቤቱ አቅራቢያ ወንዝ፣ ኩሬ ወይም ረግረግ አይጠፋም። መምህሩ ተማሪዎቹን ይዞ አንድ ጊዜ ዙሪያውን ይዙር፤ ወንዙ ቀድሞ በየት ይፈስስ እንደ ነበር፣ ማን ከብት ያጠጣበት እንደ ነበር፣ ማን እንደ ተነሣና ማን እንደ መጣ ሽማግሌዎችን እንዲጠይቁ ያድርግ። ከዚያ በኋላ ካርታውን ዘርግቶ ሽንፋን ከምንጩ እስከ ራሃድ በጣታቸው እንዲከተሉት ያሳያቸው። ጣታቸው የወሰኑን መስመር ሲያልፍ፣ ውኃውን የተከተሉት ሰዎች እነማን እንደ ነበሩ ይጠይቃቸው።