ባሮኑ፣ ሕጉና የኪያንቲ ብርጭቆ

«ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ይላሉ አበው። የዛሬው ጽሑፌ ምሳሌም ጠጅም ይዟል፤ ጠጁ ግን የማር ሳይሆን የወይን ነው፤ አገሩም ኢጣልያ፣ ቶስካና ነው። ስለ ሕግና ስለ መንግሥት በሚነገርበት ገጽ ላይ ስለ ቀይ ወይን ማንበብ የሚያስገርመው አንባቢ ቢኖር አንድ እውነት ላስቀድምለት። ኪያንቲ በሚል ስም የምናውቀውን ወይን ቅመራ በጽሑፍ ያኖረው ሰው የኢጣልያ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረ ባሮን ነው። ከእርሱ በኋላ የመጣ ሕግ ወይኑን አዳከመው፤ ስሙን ትተው የወጡ ሰዎች ደግሞ ወይኑን አዳኑት። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ታሪኩን ከምላስ እንጀምረው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኪያንቲ መካከለኛ ክብደት ካላቸው ቀይ ወይኖች ወገን ነው። ክብደት ሲባል በሚዛን የሚለካው አይደለም፤ መጠጡ አፍን የሚሞላበት መጠን ነው። ውሃ በአፍ ውስጥ ቀላል ነው፤ ቅባቱ ያልወጣለት ወተት ከባድ ነው፤ መካከለኛ የምንለው ወይን በሁለቱ መካከል ይቆማል። የአልኮል መጠኑ ብዙውን ጊዜ ከ13 እስከ 14 በመቶ ነው። እኔ ስቀምሰው ብርጭቆውን ከሲሶው በላይ አልሞላም፤ ሽታው የሚሰበሰብበት ባዶ ቦታ ያስፈልገዋልና። በነጭ ወረቀት ላይ ዘንበል ሳደርገው መሐሉ ደማቅ ቀይ፣ ዕድሜ ያገኘ እንደሆነም ጠርዙ ወደ ሸክላ ቀለም ያደላ ሆኖ ይታየኛል። በሽታው ውስጥ ጎምዘዝ ያለ ቼሪ፣ የደረቀ ቅጠል፣ ራቅ ብሎም ትንባሆ አለ። ስጎነጨው በመጀመሪያ ጉምዛዜው ይመጣና ምራቄን ይጠራዋል፤ ቀጥሎ ታኒን የሚባለው፣ ከፍሬው ልጣጭና ዘር የሚወጣው ንጥረ ነገር፣ ሳይበስል የተበላ ሙዝ እንደሚያደርገው ድዴንና ምላሴን ይይዛል።

ጉምዛዜውና አፍ የሚይዘው ኃይሉ የሚመጡት ሳንጆቬዜ ከተባለው የቶስካና ቀይ ፍሬ ነው። ይህ ፍሬ ብርቱ ነው፤ ብቻውን ሲሆን ሻካራ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የኪያንቲ ታሪክ ሁሉ የሚሽከረከረው በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ነው፦ ይህን ሻካራ ፍሬ በምን እናለዝበው? ወይስ እንዳለ እንተወው?

ስለ ቅመራው ከመጻፉ በፊት ስለ ቦታው ተጽፎ ነበር። በ1716 ዓ.ም. የቶስካናው ታላቅ መስፍን ኮዚሞ ሣልሳዊ ባወጣው አዋጅ ኪያንቲን ጨምሮ የአራት ወይን አብቃይ አካባቢዎችን ወሰን ደነገገ። በእነዚህ ስሞች ሊሸጥ የሚችለው በወሰኖቹ ውስጥ የበቀለው ብቻ ነበር። በዓለም ላይ የወይንን ስም ከመሬቱ ጋር በሕግ ካሰሩ የመጀመሪያዎቹ ሰነዶች አንዱ ይህ ነው። ልብ በሉ፤ መስፍኑ «ከየት» የሚለውን እንጂ «እንዴት» የሚለውን አልደነገገም። በዚህ ልዩነት ላይ ኋላ እመለሳለሁ።

ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ቤቲኖ ሪካሶሊ ብቅ አለ። በ1809 ተወልዶ በ1880 የሞተው ይህ መኳንንት «ባሮን ዲ ፌሮ»፣ ማለትም የብረቱ ባሮን፣ ይባል ነበር። ቶስካና በ1860 ከፒየሞንት ጋር እንድትዋሃድ ካደረጉት ዋነኞቹ አንዱ እርሱ ነው። ካቩር በሰኔ 1861 ሲሞት በእግሩ ተተክቶ የአዲሲቱ ኢጣልያ ሁለተኛ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ፤ በ1866 ደግሞ ዳግመኛ ሥልጣን ያዘ። በመንግሥት ውስጥ ግትርና ደረቅ ሰው ነበር። በብሮልዮ፣ ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቤተ ሰቡ እጅ በነበረው ርስት ላይ ግን ትዕግሥተኛ ተመራማሪ ሆነ። የፍሬ ዓይነቶችን እየለየ፣ እያደባለቀና እየቀመሰ ለአሥርተ ዓመታት ሠራ።

የድካሙን ፍሬ በ1872 ለፒዛ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ለቼዛሬ ስቱድያቲ በጻፈው ደብዳቤ አስቀመጠው። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ ሳንጆቬዜ ለወይኑ ዋናውን መዓዛና ብርታት ይሰጣል፤ ካናዮሎ የተባለው ሌላው ቀይ ፍሬ የሳንጆቬዜን ሻካራነት ያለዝባል፤ ማልቫዚያ የተባለው ነጭ ፍሬ ደግሞ ወይኑን ያቀለዋል፣ ለዕለት ማዕድም ቶሎ ያደርሰዋል። እዚህ ላይ ባሮኑ አንድ ማስጠንቀቂያ አከለ፤ ዕድሜ እንዲያገኝ ታስቦ ለሚቀመጥ ወይን ማልቫዚያውን መተው ይሻላል አለ። እንግዲህ ሪካሶሊ ሁለት ወይን ለይቷል፤ አንዱ ለዛሬ ምሳ፣ ሌላው ለነገ።

ያን ወይን ማን አመረተው? ይህን ጥያቄ ሳይጠይቁ ስለ ቶስካና ውበት ብቻ የሚያወሩ መጻሕፍት ብዙ ናቸው። መሬቱ የባለርስቱ ነበር፤ አራሹ ግን ሜዛድሮ የተባለ ጭሰኛ ነበር፤ ምርቱን ከባለርስቱ ጋር እኩል ይካፈላል። ሲሶ አራሽ፣ እርቦ አራሽ፣ እኩል አራሽ የሚሉትን ቃላት ላወቀ ኢትዮጵያዊ ይህ ሥርዓት ትርጓሜ አይሻም። ጭሰኛው ከአንድ ማሳ እንጀራውንም ዘይቱንም ወይኑንም ማውጣት ነበረበትና የወይን ሐረጉን በዛፍ ላይ እያሳደገ ከሥሩ ስንዴ ይዘራ ነበር፤ ቀዩም ነጩም ፍሬ ተደባልቆ ይበቅል ነበር። እኛ ዘንድ «መሬት ላራሹ» ተብሎ በ1965 በአደባባይ የተጮኸበት ጉዳይ በ1975 በአንድ አዋጅ ተቆረጠ። በኢጣልያ ግን መሬቱ ሳይወረስ ሥርዓቱ ቀስ በቀስ ከሰመ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጭሰኞቹ ማሳውን እየተዉ ወደ ፋብሪካ ከተሞች ነጎዱ፤ በ1964 የወጣ ሕግም አዲስ የሜዛድሪያ ውል መዋዋልን ከለከለ። ባለርስቶቹ ያለ አራሽ ሲቀሩ ድብልቁን ማሳ ነቅለው ለትራክተር የሚመች፣ ብዙ ፍሬ የሚሰጥ የወይን እርሻ ተከሉ። ብዛት እንጂ ጥራት አልተፈለገም።

ስሙም ቢሆን በዚህ መካከል ተለጥጧል። በ1924 በራዳ ከተማ 33 አምራቾች ተሰብስበው ጥቁር አውራ ዶሮን ዓርማው ያደረገ ማኅበር አቋቋሙ፤ ዓላማቸውም የጥንቱን የኪያንቲ ስም ከአስመሳይ መጠበቅ ነበር። በ1932 ግን በሙሶሊኒ ዘመን የነበረው መንግሥት ባወጣው ድንጋጌ ኪያንቲ የሚለው ስም ወደ ሰባት ንዑስ አካባቢዎች ተዘረጋ። የጥንቱ ቦታ «ክላሲኮ» የሚል ቅጽል ተሰጥቶት ከሰባቱ አንዱ ሆኖ ቀረ። ዛሬ በጠርሙስ ላይ ኪያንቲ የሚለውንና ኪያንቲ ክላሲኮ የሚለውን ለይተን የምናነበው ከዚህ የተነሣ ነው።

ከዚያ የ1967ቱ ደንብ መጣ። መንግሥት ለኪያንቲ በሕግ የተጠበቀ የትውልድ ስም ሰጠ፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን ቅመራውንም በሕግ ደነገገ፤ ኪያንቲ ለመባል ወይኑ ከ10 እስከ 30 በመቶ ነጭ ፍሬ ሊኖረው ግድ ሆነ። ከማልቫዚያ ጋር ትሬቢያኖ የተባለው፣ ብዙ የሚያፈራና ጣዕሙ የሳሳ ፍሬም በድንጋጌው ገባ፤ በየእርሻው ተተክሎ የነበረው እርሱ ነበርና። ባሮኑ ለዕለት ምሳ የመከረው ቅመራ በዚህ መንገድ ለሁሉም ጠርሙስ ግዴታ ሆነ። «ዕድሜ ለሚጠብቀው ተዉት» ያለው ማስጠንቀቂያ የት ገባ? ሕጉ አላነበበውም። ውጤቱም ቀለሙ የፈዘዘ፣ አፍ የማይሞላ፣ ቶሎ የሚደክም ወይን ሆነ። በዓለም ዙሪያ በሣር በተለበጠው «ፊያስኮ» ጠርሙስ ተሸጦ፣ ጠርሙሱ የምግብ ቤት ሻማ ማስቀመጫ ሆኖ ታወቀ። ከወይኑ ይልቅ ጠርሙሱ ስም አወጣ ማለት ነው።

የተሻለ መሥራት የፈለገ ሰው ምን ምርጫ ነበረው? ስሙን መተው። የአንቲኖሪ ቤተ ሰብ የ1971ን ምርት ቲኛኔሎ ብሎ ሲያወጣ ኪያንቲ አላለውም፤ በደረጃዎች ሁሉ የመጨረሻ በሆነው «የማዕድ ወይን» ስም ሸጠው፤ ከ1975 ምርት ጀምሮም ነጭ ፍሬውን ጨርሶ አስወጣ። ሰርጆ ማኔቲ በራዳ ከ1977 ምርት ሳንጆቬዜን ብቻ ይዞ ለ ፔርጎሌ ቶርቴ የተባለውን ወይን ሠራ፤ ይህም በሕግ ፊት ኪያንቲ ሊባል አይችልም ነበር፤ ነጭ ፍሬ የለበትምና! የኪያንቲን ዋና ፍሬ ብቻውን የያዘ፣ በኪያንቲ እምብርት የበቀለ ወይን ኪያንቲ ለመባል አልበቃም። እነዚህ የማዕድ ወይኖች በገበያ ላይ ከኪያንቲ በብዙ እጥፍ በበለጠ ዋጋ ሲሸጡ ሕጉ ከገዛ ደረጃው ጋር ተጣላ፤ የታችኛው ከላይኛው በለጠ።

መንግሥት የኋላ ኋላ ወደ ብርጭቆው ተመለከተ። በ1984 አዲስ ደንብ ወጥቶ የነጩን ፍሬ ግዴታ በእጅጉ ቀነሰው። በ1992 የወጣውና የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር፣ በጊዜው የግብርና ሚኒስትር የነበረው የጆቫኒ ጎሪያ ስም የተሰጠው ሕግ ለአፈንጋጮቹ ወይኖች የሚሆን አዲስ መደብ ፈጠረ። በ1996 ለኪያንቲ ክላሲኮ ሳንጆቬዜን ብቻ መጠቀም ተፈቀደ። ከ2006 ምርት ጀምሮ ደግሞ ነጭ ፍሬ በኪያንቲ ክላሲኮ ውስጥ ጨርሶ ተከለከለ። በ1967 ግዴታ የነበረው በ2006 ክልክል ሆነ። ዛሬ ከወይኑ ቢያንስ 80 በመቶው ሳንጆቬዜ ሊሆን ይገባል።

አሁን ወደ ማዕዱ። ወይኑ የተሠራው ለምግብ ነውና ብቻውን ሲጠጣ ጎደሎ ነው። የቶስካና ሰው በጨው ያልተጋገረ ዳቦውን፣ በከሰል የተጠበሰውን ወፍራም የበሬ ሥጋ፣ ፔኮሪኖ የተባለውን የበግ አይብ ያቀርብለታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ታኒኑ በሥጋው ፕሮቲን፣ ስብና ጨው ይለዝባል፤ ጉምዛዜው ደግሞ ስቡን ከምላስ ያጥባል። ባሮኑ በካናዮሎ የፈለገውን ማለዘብ ምግቡም በከፊል ይፈጽመዋል ማለት ነው። የቲማቲም ምግብም እንዲሁ ነው፤ ራሱ ጎምዛዛ ስለሆነ ጉምዛዜ የሌለውን ወይን ያፈዝዘዋል፤ ሳንጆቬዜ ግን ይመጥነዋል። ስለዚህ በአዲስ አበባ ቤቶች ስሙን ሳይለውጥ የቀረው «ስጎ» ከፓስታው ጋር ሲቀርብ ከዚህ ወይን ጋር የአገር ልጆች ናቸው።

በእኛ ማዕድ ላይ ከሁሉ የሚስማማው ጥብስ ነው፤ ስቡና ጨውም አለው፣ ቶስካናዎች ሮዝማሪኖ የሚሉት፣ እኛ «የጥብስ ቅጠል» ብለን የሰየምነው ዕፅም አለበት። ዶሮ ወጥን ግን አላጣምረውም። በርበሬ የአልኮሉን ማቃጠልና የታኒኑን መያዝ ያጎላዋል፤ ወይኑ ይሻክራል፣ ወጡም ይጮኻል። ለበርበሬ ጣፋጭነት ያለው መጠጥ ይሻለዋልና አባቶቻችን የማር ጠጅን ከወጥ ጋር ማስቀመጣቸው ያለ ጥበብ አልነበረም።

ይህን ሁሉ የጻፍሁት ስለ ሌሎች አገር መጠጥ ለመተረክ ብቻ አይደለም። አገራችን በ2005 ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋ ጨፌ የተባሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ ባመለከተች ጊዜ፣ ከአሜሪካ የቡና ማኅበር በኩል ተቃውሞ ገጥሟት፣ በ2007 ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ እስክትደርስ ብዙ ተሟገተች። ስም ሀብት መሆኑን ያን ጊዜ ብዙዎቻችን ተረዳን። የኪያንቲ ታሪክ የሚጨምርልን ቀጣዩን ትምህርት ነው። የኮዚሞ ሕግ ወሰን ጠበቀ፤ የ1967ቱ ሕግ ግን አሠራርን አሰረ። «ከየት» የሚለው ሕግ ገበሬውን ከአስመሳይ ይጠብቀዋል፤ «እንዲህ ብቻ» የሚለው ሕግ ግን የዛሬን ጉድለት ለነገ ግዴታ ያደርጋል፤ ብልሁንም ከስሙ ያሰድደዋል። ሕግ አውጪ ለስም ሲቆም መቅመስ ላለማቆም መማል አለበት።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። እውነት ነው፤ የኪያንቲ ስም በ1970ዎቹ ከወይኑ በላይ ውሎ ነበር። ስሙን ወደ ወይኑ የመለሱት ግን ብርጭቆውን አንሥተው «ይህ አይደለም» ለማለት የደፈሩ ናቸው።

ቸር ይግጠመን።