ካርቱም ሁለት የቀረው ድምፅ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወንድማችን በውስጥ መስመር «ሙዚቃ ማቀናበር ልጀምር ነው፤ የትኛውን የሲንተሳይዘር ሶፍትዌር፣ የትኛውን የድምፅ ላይብረሪ ልግዛ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው የብዙዎቻችሁ ስለሆነ እዚህ እመልሳለሁ። መልሱ ግን ከታሪክ ይጀምራል፤ ትንሽ ታገሱኝ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በደርግ ጊዜ የሰዓት እላፊው የአዲስ አበባን ሌሊት ሲዘጋው ትንፋሽ መሣሪያ ያላቸው ትልልቅ ባንዶች እየሳሱ ሄዱ። ቀስ በቀስ የሳክስፎኑንም የቤዙንም ድርሻ አንድ ሰው በአንድ ኪቦርድ መሸፈን ጀመረ። ብዙዎቻችን ያደግንበት የካሴት ድምፅ ከዚህ የመጣ ነው።

የዋልያስ ባንዱን ኃይሉ መርጊያን አስቡት። ባንዱ በ1981 ለዝግጅት አሜሪካ ሄደ፤ ከአባላቱ የተወሰኑት እዚያው ቀሩ፤ ኃይሉም ቀረ። በ1985 አኮርዲዮኑን፣ ሮድስ ፒያኖ፣ ሙግ እና ያማሃ ዲኤክስ 7 ይዞ ብቻውን አንድ ካሴት ቀዳ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት በዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ ኪቦርዱ ከመኪናው አይወርድም ነበር፤ ደንበኛ እስኪመጣ ይለማመዳል። ያ ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ሰማው። ባንድ የሌለው ስደተኛ በአራት መሣሪያ ሠርቶ ነው።

ዲኤክስ 7 በ1983 ሲወጣ ከፋብሪካ 32 ድምፅ ብቻ በሆዱ ይዞ ነበር። የድምፅ አፈጣጠሩን ዘዴ ያገኘው የስታንፎርዱ ጆን ቻውኒንግ ነው። ዛሬ ያው አሠራር ዴክስድ በሚባል ነፃ ሶፍትዌር ይገኛል፤ የጥንቱን መሣሪያ ድምፆችም ይጭናል።

በአስተናጋጃችን አገር በሱዳንም እንዲሁ ነው። ከ1989ኙ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ሙዚቀኛ ተሳደደ፤ በ1994 ዘፋኙ ኾጃሊ ዑስማን ኦምዱርማን ውስጥ ተገደለ። ሙዚቃው ግን አልሞተም። በ2023 የጃንትራ አልበም ሲወጣ የተሠራው በአንድ ያማሃ ኪቦርድ ነው። ጃንትራ ብዙዎቻችን ካለፍንባት ከገዳሪፍ ነው።

አሁን ወደ እኔ። ካርቱም ሁለት ስኖር አንድ ሃርድ ዲስክ ሙሉ ድምፅ ነበረኝ፤ አብዛኛው ከጓደኛ የተገለበጠ፣ ገና ያልተከፈተ። ከዚያ ውስጥ አንድ ፎልደር ግን የራሴ ነበር። ጎረቤታችን የነበሩ እናት የክራራቸውን ክር አንድ በአንድ፣ በቀስታም በኃይልም እየመቱ በስልኬ አስቀድተውኝ ነበር። «ትዝታውን አሁን ቅዳ፤ ለአንቺሆዬ ደግሞ ላላላው» እያሉ። ሚያዝያ 2023 ጦርነቱ ሲነሳ ሃርድ ዲስኩ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። የተገለበጠውን ሁሉ በኋላ ከኢንተርኔት መልሼ አገኘሁት። የእማማን ክራር ግን ከየት ላውርደው? እሳቸውም የት እንደደረሱ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ምክሬ ይህ ነው።

1. ገንዘብህን ያዝ። ሰርጅ፣ ቫይታልና ዴክስድ በነፃ ይገኛሉ። አንዱን ምረጥና ሌላ ሳትጨምር ስድስት ወር አብረኸው ተቀመጥ።

2. ቅኝቱን ራስህ አስተካክል። ኪቦርዱ ስምንቱን ድምፅ በ12 እኩል ቦታ ይከፍለዋል፤ ክራር ግን በጆሮ ነው የሚቃኘው። አንቺሆዬ በኪቦርድ ሲመታ ደረቅ የሚልብህ ለዚህ ነው። ሰርጅና ዴክስድ የራስህን ቅኝት ይቀበላሉ።

3. «የአፍሪካ» የሚል ላይብረሪ ከመግዛትህ በፊት አጠገብህ ያለውን ሰው ቅዳ። ክራር፣ ማሲንቆ፣ ከበሮ፣ እልልታ፣ ካገኘህም የሱዳን ጣንቡር። ዲሰንት ሳምፕለር በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር የራስህን መሣሪያ ትሠራበታለህ። ሰውየውን አስፈቅድ፤ ስሙን ጻፍ።

4. የቀዳኸውን በሦስት ቦታ አስቀምጥ። አንዱ ከአገር ውጭ ያለ ዘመድ ጋ ይሁን። እኛ መቼ እንደምንነሳ አናውቅም።

ዘመዶቼ፣ ከእናንተ መካከል ክራር የሚመታ አባት ወይም እናት ያለው ካለ ዛሬ ማታ ስልኩን ያውጣና ይቅዳ። ነገ እቀዳለሁ አትበሉ። እኔ ነገ ብዬ ነበር ኮፒውን ያላስቀመጥኩት።