የሽቦ መኪናና የቃላቱ ታሪክ በጎንደርና በሰሜኑ ደጋ

አንድ የጎንደር ልጅ ከተጣለ ሽቦ መኪና ሲሠራ ለእግሮቹ የጠርሙስ ቆርኪ ይመርጣል። ቆርኪው ብረት ነው፤ ልጁ ግን «ጎማ» ይለዋል። ይህ አጠራር ተራ የልጅ ነገር መስሎ ቢታይም ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ትልቅ ምስክር ነው። «ጎማ» ከኢጣልያንኛ ሲመጣ የሚያመለክተው ቁሱን፣ ማለትም ላስቲኩን ነበር። ላስቲክ የሌለበትን ብረት «ጎማ» ማለት የሚቻለው ቃሉ ከቁሱ ተላቆ ግብሩን፣ ይኸውም የሚሽከረከረውን የተሽከርካሪ እግር፣ መሰየም ሲጀምር ብቻ ነው። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው የመኪና አምሳያ ሥራ የውስት ቃላት አማርኛ ሆነው መደላደላቸው የሚፈተንበት ስፍራ መሆኑን ነው። ከዚያም ተርጓሚዎችን ስለሚያስቸግረው ስለ «ሞዴል» ስያሜ ያለንን አሳብ እናቀርባለን።

ከመኪናው በፊት የነበሩ ቃላት

በሰሜኑ ደጋ የመንኰራኵር ስም ከመንኰራኵሩ ቀድሞ ይታወቅ ነበር። «ሰረገላ» እና «መንኰራኵር» በግእዝ መጻሕፍት ውስጥ፣ በካህናቱና በሊቃውንቱ አንደበት የኖሩ ቃላት ናቸው፤ የአቀበትና የቁልቁለት አገር ጭነት ግን በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ጫንቃ ይጓዝ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለ ከባድ መድፍ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲያስወስዱ፣ ተራራው እየተቆፈረ መንገድ እየተጠረገ፣ መድፉም በሰረገላ ላይ ሆኖ በብዙ ሰው ጉልበት እየተጎተተ ነበር የተጓዘው። በመጽሐፍ ብቻ ይታወቅ የነበረው ቃል በዚያ ጉዞ ክብደት ያለው ነገር ሆኖ ታየ።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን «ባቡር» የሚለው ቃል ገባ። ከፈረንሳይኛው የእንፋሎት ስም ጋር የሚዛመደው ይህ ቃል በሐዲድ ላይ ለሚሄደው ብቻ አልተወሰነም። አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣው በእንፋሎት የሚሠራ ተሽከርካሪ «የሰርኪስ ባቡር» ተባለ፤ በገጠር የእህል ወፍጮው ሳይቀር «ባቡር» ተብሏል። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሌይና ጀርመናዊው ሆልዝ ተከታትለው አውቶሞቢል ይዘው አዲስ አበባ በደረሱ ጊዜ ግን ለአዲሱ ዕቃ ሌላ ስም መፈለጉ አልቀረም። ከፈረንሳይኛ «ሾፌር» እና «ጋራዥ» ተወሰዱ። ለመኪናው ሆድ ዕቃ የሚሆነው ዝርዝር ቃል ግን የመጣው በአብዛኛው በሌላ በር ነው።

የኢጣልያንኛው ጎርፍ

በስታራቼ የሚመራው የፋሺስት ሞተረኛ ጦር መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎንደር ገባ። ከተማዪቱም የ«አማራ» ግዛት ተብሎ ለተከለለው ክፍል መዲና ተደረገች። ከአስመራ የሚመጣው መንገድ ከአዲ አርቃይ ወደ ደባርቅ ሊማሊሞን በጠመዝማዛ እየወጣ፣ በዳባት አድርጎ ጎንደር እንዲደርስ ተሠራ። በኢትዮጵያ ምድር የኢጣልያ ጦር የመጨረሻ ምሽግ የነበረችው ጎንደር ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነፃ ወጣች። ወራሪው ሲሄድ መንገዱ፣ «ፒያሳ» የሚለው የሰፈር ስምና የጋራዡ ቃላት ቀሩ። አምስት ዓመት ለዚህ ሁሉ ቃል ያንሳል የሚል ሰው ቢኖር፣ ከነፃነት በኋላም ብዙ ኢጣልያውያን መካኒኮች በአገራችን ሲሠሩ መቆየታቸውንና በኤርትራ በኩል የነበረውን የቆየ ግንኙነት ማሰብ ይገባዋል።

ከነዚህ ቃላት መካከል አንዳንዶቹ እንደነበሩ ቆዩ፦ «ፍሬን»፣ «ፍሪሲዮን»፣ «ባሌስትራ»፣ «ካቻቪቴ»። አንዳንዶቹ ድምፃቸውን ለወጡ፦ «ኮፋኖ» «ኮፈን»፣ «ቡሎኔ» «ብሎን»፣ «ፖርታባጋሊ» «ፖርቶ መጋላ» ሆነ። ሌሎቹ ትርጉማቸውን አንቀሳቀሱ። በኢጣልያንኛ የነጂውን ክፍል በሙሉ የሚያመለክተው «ካቢና» በአማርኛ «ጋቢና» ሆኖ ከነጂው ጎን ያለውን መቀመጫ በተለይ ያሳያል። ፊያት 682 ኤን 3 የተባለው የጭነት መኪናም ከፊደሉና ከኢጣልያንኛው ቍጥር «ኤንትሬ» የሚል ስም አግኝቶ በመላ አገሪቱ ታወቀ።

የልጆቹ ፋብሪካ

የሽቦ መኪና በጎንደር ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ በአዲስ አበባም በሌሎች የአገራችን ከተሞችም የታወቀ ነው። አሠራሩ ግን ቃላቱን ለመረዳት ስለሚያስፈልግ በአጭሩ እንገልጸዋለን። ወፍራም ሽቦ ታጥፎ «ሻንሲ» ይሆናል። ቀጭኑ ሽቦ መጋጠሚያዎቹን ይጠመጥማል። የሰርዲን ወይም የዘይት ቆርቆሮ ተቈርጦ «ጋቢና» እና የጭነቱን ጎን የሚከልለው «ስፖንዳ» ይወጣል። ጎማው ቆርኪ፣ የቆርቆሮ ክዳን ወይም ከአሮጌ ሸበጥ የተቈረጠ ክብ ነው፤ በመካከሉ ተበስቶ በሽቦ ዘንግ ላይ ይሰካል። ከፊተኛው ዘንግ ተነሥቶ እስከ ልጁ ደረት የሚደርስ ረጅም ሽቦ ጫፉ ላይ ክብ ሆኖ ይታጠፋል። ልጁ ይህን ክብ ይዞ፣ የሞተሩን ድምፅ በአፉ እያሰማ፣ ከኋላ ሆኖ ይነዳል።

ያ ክብ «መሪ» ይባላል። እዚህ ላይ ትኩረት የሚሻ ነገር አለ። ለመንጃው ኢጣልያንኛ «ቮላንቴ» የሚል ቃል ነበረው፤ አማርኛ ግን ከ«መራ» ያወጣውን የራሱን ቃል አስቀደመ። ልጁ በሽቦ የሚሠራው መኪና በእርግጥ ይመራልና ቃሉ በትክክል ይገጥመዋል። በአንጻሩ «ፍሬን» እና «ፍሪሲዮን» በሽቦ መኪና ላይ ቦታ የላቸውም፤ የሽቦ መኪና የሚቆመው ልጁ ሲቆም ነው።

ከዚህ የምንረዳው አንድ መመዘኛ ነው። የውሰት ቃል ከዋናው ዕቃ ወደ አምሳያው፣ ከአንዱ ቁስ ወደ ሌላው ሲሻገር ስሙን ይዞ ከዘለቀ በአማርኛ ሥር ሰዷል። «ጎማ»፣ «ጋቢና»፣ «ስፖንዳ» ይህን አልፈዋል። «ኩሽኔታ»ም እንዲሁ ነው፤ ልጆች የተጣለ የመኪና ኩሽኔታ ከእንጨት ሥር አስረው በቁልቁለት ሲወርዱበት፣ በኢጣልያንኛ የማሽን ክፍል ስም የነበረው ቃል በአማርኛ የልጆች ጋሪ መጠሪያ ይሆናል። ስለዚህ የ«ጎማ» አገባብ በመዝገበ ቃላት እንዲህ ሊቀመጥ ይገባል እንላለን፦

ጎማ፣ ስ. 1. ላስቲክ። 2. የመኪናን እግር የሚያለብስ፣ በነፋስ የሚሞላ ላስቲክ። 3. ከማናቸውም ቁስ ቢሠራ፣ የተሽከርካሪ ወይም የአምሳያው እግር፤ የቆርኪ ጎማ እንዲሉ።

ሦስተኛው ትርጉም ከመጻሕፍት ብቻ የሚለቅም ሰው የሚያገኘው አይደለም።

ስለ «ሞዴል» እና ስለ ልክ

በሌላው ዓለም የመኪና አምሳያ መሥራት የዐዋቂዎችም ሥራ ሆኖ ረጅም ታሪክ አለው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1930 እስከ 1968 የፊሸር ቦዲ የእጅ ባለሙያዎች ማኅበር ወጣቶችን በአምሳያ ሥራ ያወዳድር፣ ለአሸናፊዎቹም የትምህርት ገንዘብ ይሸልም ነበር። የመጀመሪያው ውድድር የመኪና ሳይሆን የሰረገላ አምሳያ ነበር፤ መኪናው ኋላ ተከተለ። በእንግሊዝ አገር ሜካኖ የተባለው ኩባንያ ዲንኪ የተባሉትን ትንንሽ የብረት መኪናዎች እ.ኤ.አ. በ1934 ማውጣት ጀመረ።

በዚህ ሥራ ዋናው ነገር ንጽጽሩ ነው። አንድ ጫማ በአንድ ኢንች ሲወከል 1፡12፣ በግማሽ ኢንች ሲወከል 1፡24 ይሆናል። በሰፊው የታወቀው 1፡43 ከአሻንጉሊት ባቡር የመጣ ሲሆን አንድ ጫማ በ7 ሚሊ ሜትር ከመወከሉ የተገኘ ነው። በአገራችን «ቮልስ» የምንላት መኪና ርዝመቷ 4.08 ሜትር ያህል ስለሆነ በ1፡24 17 ሴንቲ ሜትር፣ በ1፡43 ደግሞ 9.5 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች።

ይህን ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ ሁለት እንቅፋት ይገጥመዋል። አንደኛው «ሞዴል» ነው። በአማርኛ «የመኪናው ሞዴል ስንት ነው?» ሲባል የሚጠየቀው የተሠራችበት ዓመት ወይም ዓይነቷ ነው፤ በግምጃ ቤት «ሞዴል» የደረሰኝ ቅጽ ነው። «ሞዴል መኪና» ቢባል እንግዲህ አንባቢው ትንሿን መኪና አያስብም። ሁለተኛው ንጽጽሩን የሚገልጸው ቃል ነው። የካርታ ትምህርት «መስፈርት» ይላል፤ ዛሬ ግን ይህ ቃል ይበልጥ የሚታወቀው በመመዘኛነቱ ነው።

ከግእዝ «ንኡስ አምሳል» ብሎ ማውጣት ይቻላል። ነገር ግን በ1964 ዓ.ም. የተቋቋመው የአማርኛ መርሐ ልሳን ራሱ ኋላ «የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ» መባሉን የምናስታውስ ሰዎች፣ ያማረ ስያሜ ሁሉ እንደማይለመድ እናውቃለን። «አምሳያ» የሚለው ቃል ግን ዝግጁ ነው። አዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመውን የሴባስቶፖል አምሳያ ማንም በዚህ ስም ቢጠራው ይግባባል። ጉድለቱ ማነስንና መመጣጠንን አለመናገሩ ነው። ይህንን ደግሞ ልብስ ሰፊውም አናጢውም የሚሠሩበት «ልክ» ይሞላዋል። ለክፍልፋዩም ሢሶና ሩብ የሚለው ሕዝባችን «ዐሥረኛ እጅ» ማለትን ያውቃል።

ስለሆነም ለውይይት የምናቀርበው ይህ ነው፦ ለመዝናኛ ብቻ ለሚሠራው «መጫወቻ መኪና»፣ ንጽጽሩ ተጠብቆ ለሚሠራው «የልክ አምሳያ»፣ ለንጽጽሩ «የ24ኛ እጅ አምሳያ»፤ «ሞዴል» ለመኪና ዓመትና ዓይነት እንደ ተለመደው ይቆይ።

የሽቦው መኪና በዚህ አከፋፈል የት ይግባ? ልጁ በሜትር አይለካም፤ ይሁን እንጂ ጋቢናው ከስፖንዳው እንዳይበልጥ፣ የኋላ ጎማው ከጭነቱ በታች እንዲውል ይጠነቀቃል። መለኪያው ዐይኑ ነው። ስለዚህ «አምሳያ» ይባል እንጂ በ«መጫወቻ» ብቻ አይታለፍ እንላለን።

ከውጭ የሚመጣው የፕላስቲክ መኪና ተሠርቶ ያለቀ ስለሆነ ለክፍሎቹ ስም መስጠትን ከልጁ አይጠይቅም። ሽቦ ማጠፍ በቀረበት ቤት የሽቦ መኪና ቃላትም ይቀራሉ። በጎንደር፣ በዳባት፣ በደባርቅና በአካባቢው ያላችሁ መምህራንና የቃላት ለቃሚዎች፣ ልጆቹ ለእያንዳንዱ ክፍል የሚሰጡትን ስም ክፍሉ ከተሠራበት ቁስ ጋር መዝግባችሁ እንድታቆዩልን እንጠይቃለን። ቁሱ ካልተጻፈ «ጎማ»ው ቆርኪ መሆኑን የሚነግረን አይኖርም።